ጭድ ነጋዴው አሸዋ የለመነ ዕለት

እልል በሉ! ተገላገሉ! በሰላም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ሐኪም ያለ መድኃኒት፣ እንዲያው በማርያም ቸርነት ተገላገሉ! ጭድ ተራ ከዳር እስከ ዳር ደስ ብሎታል። አህያ ነጂው አለንጋውን ጥሎ ያጨበጭባል፤ ተሸካሚው ሸክሙን ሳያወርድ አንገቱን ያሰግጋል፤ ለገበያ የወጣች አንዲት ሴትዮ ደግሞ ማን እንደወለደ ሳታውቅ እልልታውን ታቀልጠዋለች። «ለመሆኑ እናቲቱ ማን ናት?» ብላ የጠየቀችው ጉሮሮዋ ከደረቀ በኋላ ነው።

«ፊታውራሪ ናቸው» አሏት።

ሴትዮዋ አማተበች። ፊታውራሪ ወለዱ ሲባል ማን አያማትብ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊታውራሪ ሰው አይደሉም፤ እንሽላሊት ናቸው። አሳዳሪያቸው ደግሞ ጭድ ነጋዴው ሀብተ ወልድ ነው።

ሀብተ ወልድን የማያውቅ ጭድ ተራን አያውቅም። አጎቱን ተከትሎ ከቡልጋ የመጣ ጊዜ ጢም አላበቀለም ነበር፤ ዛሬ ጢሙና የሚሸጠው ጭድ አንድ መልክ ሆነዋል። ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ እንኳ ከጆሮው ጀርባ አንድ ሁለት ዘለላ ጭድ አይጠፋም። ሚስቱ አበራሽ «አንተማ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ግንቡ ላይ ጭድ ትተህ ነው የምትመለሰው» ትለዋለች። እሱ ይህን እንደ ስድብ አይቆጥረውም። እፍኝ ጭድ አንስቶ በመዳፎቹ መሐል ያሸዋል፤ ያሸተዋል፤ አንዲቱን ዘለላ በፊት ጥርሱ ነከስ ያደርግና፣ «ይሄ የበቾ ነው። ዝናብ ነክቶታል። አህያ ይበላዋል እንጂ ግድግዳ አይወደውም» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። ቢሳሳትም ያመነለት የለም፤ እሱ ራሱም አያምንም።

በሱ ሃይማኖት ጭድ የማይሆነው ነገር የለም። «ቤትህ በምን ቆመ? በጭድ። ፍራሽህ በምን ተጠቀጠቀ? በጭድ። ብርጭቆው ከባሕር ማዶ ሳይሰበር መርካቶ የደረሰው ምን አቅፎት ነው? ጭድ! ጌታችንስ ሲወለድ ምን ላይ ነው የተኛው?» እዚህ ላይ ሲደርስ የሚከራከረው አይኖርም።

አንድ ሰው ብቻ ይከራከረዋል። ባህረዲን ይባላል። ከሀብተ ወልድ ጎን ሰሐንና ብረት ድስት የሚነግድ፣ ሥራ የማይደክመው፣ ቀልድ የማያልቅበት የስልጤ ልጅ ነው። ዘንድሮ ይሄው ባህረዲን የጭቃ ሱቁን አፍርሶ በብሎኬት መገንባት ጀመረ። በሩ ላይ አሸዋ አስደፋ፣ ሲሚንቶ ከመረ። ሀብተ ወልድ ያን የአሸዋ ክምር ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ጭድ የማይገባበት ግድግዳ! የጭቃ ቤት ሁሉ እንዲህ እየፈረሰ ግንብ ከሆነ ጭድ ተራ ማንን ሊጠብቅ ነው?

«ጋሼ ሀብተ ወልድ፣ ይምጡና ግንቡን ይንኩት እስቲ! አይናከስም!» ይለዋል ባህረዲን።

«አልነካም! የማይተነፍስ ግድግዳ ሬሳ ነው።»

«የእርስዎ ግድግዳማ ይተነፍሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያስለዋል!»

«አንተ ልጅ! ከዚህ አሸዋህ አንዲት ፍሬ ደጄን ብታልፍ ወየውልህ!»

«ኧረ ይተዉ ጋሼ፣ አንድ ቀን ይለምኑኛል።»

«እኔ? አሸዋ? ስሞት መቃብሬ ላይ እንኳ እንዳታደርሰው!»

ፊታውራሪ የመጡት ታዲያ ይሄ ጭቅጭቅ በሞቀበት በበጋው ወር ነው። ከአድአ የመጣ የጤፍ ጭድ ነበር። ሀብተ ወልድ ጆንያውን ሲዘረግፈው መዳፍ የሚያህል እንሽላሊት ከጭዱ ጋር ዱብ አለ። ሌላ እንሽላሊት ቢሆን ሽው ብሎ ይሰወር ነበር። ይኼኛው ግን የጭዱ ክምር ላይ ወጣ፤ ደረቱን ነፋ፤ የፊት እግሮቹን አንፈራጦ ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች እየነቀነቀ ገበያውን ይቃኝ ጀመር፤ ልክ ግብር እንደሚያስገባ ባላገር ሹም። ሰዉ ድንጋይ ፍለጋ ሲያጎነብስ ሀብተ ወልድ ባርኔጣውን አነሳ።

«እንደምን ዋሉ ፊታውራሪ!»

ስሙ በዚያው ጸና።

«ጋሼ፣ ማዕረግ የሚሰጡት ጃንሆይ ብቻ ይመስሉኝ ነበር» አለ ባህረዲን ከወዲያ።

«እሱ ለሰው ነው!»

የሻይ ቅጠል የመጣበት የጣውላ ሣጥን ተፈለገ፤ አፉ ላይ የወንፊት ሽቦ ተወጠረበት፤ ፊታውራሪም ገቡበት። ሀብተ ወልድ ልጆቹ ሁሉ ጎጆ ወጥተውበታል። አበራሽም ቢሆን ጨዋታውን ሁሉ ደጋግማ ሰምታ፣ ገና ሲጀምረው መጨረሻውን ትነግረዋለች። ፊታውራሪ ግን ይሰማሉ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ሣጥኑን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ስለ ጭድ ዋጋ፣ ስለ ሰው ክፋት፣ ስለ ቡልጋ ገደል ሲያወራላቸው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ አንድ ቃል ሳይቃወሙ ይሰማሉ። ሀብተ ወልድ ዕድሜ ልኩን ሲናገር «ልክ ነህ» ያለው ፍጡር እሳቸው ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ወዳጅ ቢያጣ ምን ይውጠዋል?

ችግሩ ወለሉ ነው። ፊታውራሪ ምን ላይ ይቀመጡ?

ይሄ ጥያቄ ለሀብተ ወልድ ጥያቄ አልነበረም። ከጤፍ ጭድ ሁሉ የተመረጠውን፣ ወርቅ የመሰለውን፣ እንደ ሐር የሚለሰልሰውን አንጥፎ፣ «ጃንሆይም እንዲህ አይተኙ» አለ። ፊታውራሪ እንዲበሏት የወረወረላቸው ፌንጣ ግን ጭዱ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ሁለተኛዋን ሲይዟት ከነጭዱ ጎረሱ፤ አንድ ዘለላ በአፋቸው ግራና ቀኝ እንደ መፋቂያ ተጋድሞ ቀረ። ሀብተ ወልድ በሁለት ጣቱ እየሳበ፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ሲል ባህረዲን ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«ጭድማ የማይሆነው ነገር የለም፤ መፋቂያም ይሆናል!»

አበራሽ ለእንሽላሊቱ ደንታ አልነበራትም። እንዲያውም በሣጥኑ በኩል ስታልፍ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና፣ ቀሚሷን ሰብስባ ነው። ሽታው ሲያስመርራት ግን፣ «ጋዜጣ አንጥፍበትና ሲቆሽሽ ጠቅልለህ ጣለው» ብላ መከረችው። እውነትም ብልህ ምክር ነበር። ሀብተ ወልድ ጋዜጣ ገዝቶ መጣ፤ ዘረጋ፤ ደነገጠ። የፊተኛው ገጽ ላይ ጃንሆይ ትምህርት ቤት ይመርቃሉ። ገለበጠው፤ ጃንሆይ እንግዳ ይቀበላሉ። እንደገና ገለበጠው፤ አልጋ ወራሹ ቆመዋል። በመጨረሻ የሳሙና ማስታወቂያ አገኘና ደስ አለው፤ ጀርባውን ቢያየው ጃንሆይ ችግኝ ይተክላሉ።

«አበራሽ፣ ፊታውራሪ እዚህ ላይ… እንግዲህ እዚህ ላይ ቢያደርጉብኝ፣ የሚታሰረው ማን ነው?»

«አንተ ነሃ! እሱማ ባለ ማዕረግ ነው።»

ጋዜጣውን በሁለት እጁ አጥፎ፣ ሳም አድርጎ፣ መደርደሪያ ላይ አኖረው።

ከዚያ ነው ሀብተ ወልድ የሕይወቱን ትልቅ ሥራ የሠራው። ጭድ ብቻውን ካልሆነ ጭድ ከጭቃ ጋር ይሆናላ! ቀይ አፈር አስመጣ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ራሱ ረገጠው። ጭዱን እየበተነ፣ ውሃውን እያርከፈከፈ፣ እንደገና እየረገጠ አቦካው፤ ሽታው እስኪለወጥ ድረስ አሳደረው። የሣጥኑን ወለል በመዳፉ መረገና ከላይ በእበት ለቀለቀው። ፀሐይ ላይ ሲደርቅ አንድም ስንጥቅ አልወጣበትም። በጣቱ ኳ ኳ ሲያደርገው እንደ ገል ይጮኻል። መርካቶ እየመጣ አየለት። አንድ ተሸካሚ ዝቅ ብሎ ተመልክቶ፣ «እንዲህ ያለ ወለል እኔ ቤት የለም፤ ለእንሽላሊት!» ብሎ ቅስሙ ተሰብሮ ሄደ። ሀብተ ወልድም ባህረዲን እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ወለል ማለት እንዲህ ነው!» አለ።

ፊታውራሪ ገቡ። ማዕዘኑ ጋ ሄዱና መቧጨር ጀመሩ።

መጀመሪያ ሀብተ ወልድ የሳቸው ጨዋታ መሰለው። እሳቸው ግን ውለው አድረውም አልተዉም፤ ከማዕዘን ማዕዘን እየዞሩ ይቧጭራሉ። «ሊያመልጡ ይሆን?» ብሎ ልቡ እያዘነ ወንፊቱን አንስቶ ተወላቸው። አልወጡም። ክፍት በር እያለላቸው ወለሉን ይቧጭራሉ። የጥፍራቸው ጫፍ ተበላ። ፌንጣ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር። ሆዳቸው ግራና ቀኝ አበጠ፤ ዓይናቸው ተከደነ፤ ራሳቸውን መነቅነቅ አቆሙ።

ይሄን ጊዜ ጭድ ተራ ሀብተ ወልድን አላወቀውም። አንድ ደንበኛ ከነአህዮቹ መጥቶ በሩ ላይ ቢቆም፣ «ነገ ተመለስ» አለው። ሀብተ ወልድ! ጭድ ሊገዛ የመጣን ሰው!

ባህረዲን ከሱቁ ተሻግሮ ተመለከተና፣ «ድርቀት ይሆናል ጋሼ፤ ኮሶ ያጠጡት» አለ። እንደ ልማዱ ሊቀልድ ነበር። ሀብተ ወልድ ግን፣ «በምን ሰፍሬ?» ብሎ ከልቡ ጠየቀው። ባህረዲንም ቀልዱን ዋጥ አድርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ነው። አበራሽ ምሳውን ቋጥራ መጣች። የትናንቱ ምሳ እንደተቋጠረ ተቀምጧል። ባሏ ሣጥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተኮማትሯል። ሰውዬው ቢያሳዝናት ጊዜ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ላይ አወረደችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጎንበስ ብላ ወደ ሣጥኑ አየች። አየች፤ አየች። ከዚያ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል? ወዳጄ ሊሞት ነው!»

«አንተ ሰውዬ፣ ስንት ልጅ ነው የወለድኩልህ?»

«አሁን ይሄን ምን አመጣው?»

«መልስ እንጂ!»

«አምስት።»

«አንድ ቀን ሆዴን አይተህ ድርቀት ነው ብለህ ታውቃለህ?»

ሀብተ ወልድ ሚስቱን አየ፤ ሣጥኑን አየ፤ እንደገና ሚስቱን አየ።

«ፊታውራሪ?»

«አዎ ፊታውራሪ! ካሻህ አክብሬ ልንገርህ፤ ፊታውራሪ እርጉዝ ናቸው!»

«በጢማቸው?»

«የምን ጢም! የተሸበሸበ አገጭ አይተህ! ይልቅ ስማኝ። ዶሮ እንኳ እንቁላል ሲይዛት የምትጥልበትን ቦታ ትጭራለች። ይቺ ምስኪን ጉድጓድ ቆፍራ ልትጥል ስትለፋ፣ አንተ እንደ አስፋልት የጠና ምርጊት ዘርግተህላታል! ካልጣለች በሆዷ እንደያዘችው ትሞታለች።»

«ዶሮ አልሽ?» ሀብተ ወልድ ብድግ አለ፤ ፊቱ በራ። «ዶሮማ የምትጥለው ጭድ ላይ ነው!» ሮጦ ሁለት እፍኝ አምጥቶ በተነላቸው። ፊታውራሪ እንደምንም ተነሡ። ጭዱን ገፋ፣ ገፋ አድርገው ከሥሩ ያለውን ወለል አገኙና ቧጨሩት። ሁለት ጊዜ ሞክረው ግንባራቸውን ምርጊቱ ላይ አስደገፉ።

ሀብተ ወልድ ያን ሲያይ ገባው። ወለሉን አሳምሮ የሚገድላቸው እሱ ራሱ ነው።

«የምትፈልገው የሚቆፈር ነገር ነው» አለች አበራሽ ቀስ ብላ፣ «ለስላሳ፣ ትንሽ እርጥብ ያለ።»

ከየት ይምጣ? የመርካቶ መሬት አህያና ካሚዮን ሲረግጠው የኖረ፣ በዘይትና በፋንድያ የታሸ ነው። ባልና ሚስቱ ዙሪያቸውን ቃኙና ዓይናቸው እኩል አንድ ቦታ ላይ ዐረፈ። የባህረዲን አሸዋ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ያብለጨልጫል።

«እኔ ልሂድልህ?» አለችው፤ እሷም ታውቀዋለች።

«አይሆንም» አለ ሀብተ ወልድ። ባርኔጣውን አስተካክሎ ሄደ። መንገዱ ሦስት እርምጃ አይሞላም፤ ላቡ ግን እንጦጦን እንደወጣ ሰው ነው።

«ባህረዲን።»

«አቤት ጋሼ!»

«ያ… ያ ነገር።»

«የቱ?»

«ያ የተደፋው።»

«ሲሚንቶው?»

«ባህረዲን፣ አታድርቀኝ!»

«ስሙን ይጥሩት እንጂ ጋሼ! ስሙን ካልጠሩት በምን ልወቅ?»

«አሸዋ!» አለ ሀብተ ወልድ፤ ድምፁ ከጭድ ተራ ማዶ ተሰማ። «አሸዋ ስጠኝ! ይኸው፣ ለመንኩህ! ሰውም ይስማ! ፊታውራሪ ምጥ ላይ ናቸው፤ በኔ ጭድ ነው የሚሞቱት!»

ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየ። ባህረዲን ሊስቅ አፉን ከፈተ። የሽማግሌውን ዓይን ሲያይ ግን መልሶ ገጠመው። የአሸዋ ወንፊቱን ራሱ አነሳና አሸዋውን ነፋ፤ ጠጠሩን ለቀመ፤ በባልዲ ሞልቶ እየሮጠ መጣ።

«ውሃ ያስፈልገዋል እትዬ አበራሽ። ደረቁን ከተዉት ጉድጓዱ ይናዳል።»

ያ ምርጊት ግን መነሣት አለበት፤ ሣጥኑ ጥልቀት የለውም። ሀብተ ወልድ ፊታውራሪን በባርኔጣው ውስጥ አስተኝቶ ለአበራሽ ሰጣት። አበራሽም፣ ያቺ አፍንጫዋን ትሸፍን የነበረችው፣ ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋቻቸው። እሱ መዶሻ አነሳ። መታው፤ አልተሰበረም። ደግሞ መታው፤ አሁንም እምቢ አለ።

«አያችሁ ጥንካሬውን!» አለ እንባው እየመጣ።

«ጋሼ፣ በኋላ ይኩሩበት! አሁን ይምቱት!»

ተሰነጠቀ። ፍርስራሹ ወጣ፤ አሸዋው ገባ፤ አበራሽ በመዳፏ ውሃ አርከፍክፋ ደለደለችው። ፊታውራሪ ተቀመጡበት። ለአፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ የፊት እግራቸው አንድ ጊዜ ጫረ። አሸዋው ተከፈተላቸው! ዓይናቸውን ገለጡ፤ ደግመው ጫሩ።

አበራሽ ነጠላዋን ገፍፋ ሣጥኑ ላይ ጣል አደረገችና ዞረች። «ወንድ ሁሉ ወዲያ! ምጥ ፊት ወንድ አይቆምም!»

«እኔ እኮ ባለቤታቸው…» አለ ሀብተ ወልድ።

«ወዲያ!»

ሀብተ ወልድና ባህረዲን ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም ማርያም» ይላሉ። ባህረዲንም በበኩሉ «ያ ረቢ» ይላል። ሀብተ ወልድ የጭድ ብናኝ የሞላበትን ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያሽከረክራል። አበራሽ በነጠላው ሥር እያየች፣ «ለኔማ አንድ ቀን ባርኔጣህን አላወለቅክልኝም!» ብላ ሳትጠቅሰው አላለፈችም።

ከሥር አሸዋ ይበተናል፤ ኮሽ፣ ኮሽ። ደግሞ ዝም ይላል። ጭራቸው ብቻ ከጉድጓዱ ወጥቶ ይታያል አለች አበራሽ። ከዚያ ዝምታው ረዘመ፤ በጣም ረዘመ። ሀብተ ወልድ ሊዞር ሲል ባህረዲን በክርኑ ያዘው።

«ተገላገለች!»

ያን ጊዜ ነው እልልታው የቀለጠው። ነጠላው ሲነሣ ፊታውራሪ ሆዳቸው ሟሽሾ፣ ግንባራቸው አሸዋ ለብሶ፣ ጉድጓዱን በእግራቸው እየደፈኑ ነበር። አንድ ጥግ ላይ ያልተሸፈኑ ባቄላ የሚያህሉ ነጫጭ እንቁላሎች ይታያሉ።

«ስንት ናቸው?» አለ ባህረዲን።

«የልጅ ቁጥር አይጠራም!» ብሎ ሀብተ ወልድ አፉን ያዘው።

ከዚያ ሌላ ክርክር ተነሣ። ለወንድ ልጅ የሚባለው እልልታና ለሴት የሚባለው ይለያያል። ለእንቁላልስ? አንዷ «ወንድ ነው እንበል» አለች፤ ሌላዋ «እንደ አባትዬው ደግሞ እንዳንሳሳት» ብላ ሀብተ ወልድን በዓይኗ ወጋ አደረገችው። በመጨረሻ ሁለቱንም አሉት፤ አላቆሙምም። ያቺ ገበያተኛ ሴትዮ ስትደርስ እዚህ ላይ ነበር።

ሀብተ ወልድ አንዲት ፌንጣ አቀረበ። ፊታውራሪ ቀና አሉ፤ አዩት፤ ቀጨም አድርገው ዋጡ። ራሳቸውንም ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቁ። ሰውዬው እዚያው የአሸዋው ክምር ላይ፣ ያ ሲሸሸው የኖረው ክምር ላይ፣ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና እንደ ሕፃን ሳቀ።

«እንግዲህ ወይዘሮ ልንላቸው ነው?» አለው ባህረዲን።

«ማዕረግ አይገፈፍም!» አለ ሀብተ ወልድ። ትንሽ አሰበና አከለበት፦ «ወለሉም አሸዋ ይሁን፤ ተቀብያለሁ። ግድግዳው ግን…»

«ጋሼ!»

ደግነቱ ዛሬ ፍስክ ነው። አበራሽ የአራስ ገንፎ ልታገነፋ ገብታለች። አራሷ ባትበላው እኛ የጭድ ተራ ሰዎች እንበላዋለን። ቅቤውን ባህረዲን ከቤቱ ያስመጣል፤ ሀብተ ወልድም እንኳን ማርያም ማረችዎ የሚለውን ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይቀበላል። ይሄን ሁሉ እያወራሁላችሁ ለካ እህቴ ሸዋርካብሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ምንም አልሰማችም! ሌላ ሰው ቀድሞ ከነገራትማ አለቀልኝ፤ ዓመት ታኮርፈኛለች። ገንፎው ይቆየኝ፤ እናንተም አንድ ጊዜ አሳልፉኝ። ታክሲ! ኧረ አንተ ባለ ሰይቼንቶ፣ ቁምልኝ!